ጂላልን በብርድ ልብስ ውስጥ አናሳልፈው

ሰሞኑን በየቤቱ ስንዞር የምንሰማው ወሬ አንድ ነው፤ «ኧረ የዘንድሮው ብርድ ጉድ ነው!» ይባላል። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች ይህን ወቅት «ጂላል» ይሉታል። ከታኅሣሥ ገደማ ጀምሮ «ጉ» የሚሉት ዝናብ እስኪመጣ ድረስ የሚቆየው ደረቁና ቀዝቃዛው ጊዜ ነው። ለከብት አርቢው ሣር የሚያልቅበት፣ ኩሬ የሚደርቅበት ወቅት ስለሆነ ገና ስሙ ሲነሣ የአዛውንቶቹ ፊት ይኮሳተራል።

ከኢትዮጵያ ለመጣነው ለእኛ ግን ነገሩ ትንሽ ግራ ያጋባል። በእኛ ቤት «ክረምት» ማለት ዝናብ፣ ጭቃና የበቆሎ እሸት ነው። ውጭ አገር የገቡት ዘመዶቻችን በስልክ «ክረምቱ ገባብን» ሲሉን ደግሞ በረዶውን ማለታቸው ነው። እዚህ ብርዱ የሚመጣው ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቶ፣ ጠብታ ዝናብ ሳይኖር በጠራራ በጋ ነው። ለነገሩ የደጋ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥለው በበጋ አይደል?

ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነች። ከታች በርበራ ላይ ሰው በሸሚዝ ሲንሸራሸር እኛ ጋ ሌሊቱ እስከ 12 ዲግሪ ግድም ይወርዳል። 12 ዲግሪ ለስዊድን ሰው ካፖርት ማውለቂያ ነው፤ ይስቁብናል። ግን እነሱ ግድግዳ አላቸው። በቆርቆሮና በፕላስቲክ በተጋረደች ክፍል ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ በተነጠፈች ስስ ፍራሽ ላይ ከአራት ልጅ ጋር ለሚያድር ሰው 12 ዲግሪ ሌላ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ብርድ ልብስ ሲጓተቱ የሰማ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግን ይገባዋል።

የዛሬው ጽሑፋችን ግን ስለ ብርዱ ብቻ አይደለም። ብርዱ ይዞት ስለሚመጣው መቀመጥ ነው። መቼስ መጠበቅ የለመድን ሰዎች ነን፤ ጂላል ሲገባ ግን መጠበቁ ወደ መተኛት ይለወጣል።

«አባቴ ይጠብቃል»

አንድ ወንድማችን አለ። ታሪኩን ለመጻፍ ፈቃዱን ስንጠይቀው «ስሜን ካልጠራችሁ ጻፉት፣ ለሌላው ይጠቅም ይሆናል» ብሎናል። አገር ቤት ሳለ አናጢ ነበር። ሐርጌሳ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ግንባታ ላይ የቀን ሥራ እየሠራ ቤቱን ያስተዳድር ነበር። ባለፈው ጂላል ሥራው ቀዘቀዘ። በዚያ ላይ ኢንተርቪው ተደርጎለት «ስልክ እንደውላለን፣ ጠብቅ» ተብሎ ነበር። እሱም ጠበቀ።

መጀመሪያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይነሣ የነበረው 3 ሰዓት ሆነ። ከዚያ 5 ሰዓት፣ ከዚያ እኩለ ቀን። ስልኩ ትራስ ሥር ነው፤ ይተኛል፣ ይነቃል፣ ስልኩን ያያል፣ ተመልሶ ይሸፈናል። ባለቤቱ ስትቀሰቅሰው «ምን ሠርቼ እነሣለሁ? ደግሞስ በዚህ ብርድ?» ይላታል። እሷ ግን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ቦኖ ወረፋ ትይዛለች። ልጆቹ አባታቸው እንዳይነቃ በሹክሹክታ ማውራት ለመዱ። ሌሊት ደግሞ እንቅልፍ የለም፤ ጣሪያውን ሲያይ ያድራል።

ይህንን ያወቅነው በልጁ በኩል ነው። አራተኛ ክፍል ነች። ስለ ቤተሰባቸው ሥራ አምስት ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ሰጥተናቸው እሷ ስለ አባቷ የጻፈችው «አባቴ ይጠብቃል» የሚል ነበር። እኛ ጥበቃ ሥራ ያገኘ መስሎን ደስ አለን! «የት ነው የሚጠብቀው?» ብለን ጠየቅናት። «እቤት» አለች። «ምኑን?» ስንላት «ስልክ» ብላ አቀረቀረች። ያን ቀን ማርክ ሳንሰጣት ደብተሯን መለስንላት፤ ምን ብለን እናርመዋለን?

ወገኖቻችን፣ ይህ ስንፍና አይደለም። አናጢው በሕይወቱ ሰነፍ ሆኖ አያውቅም። ሰው የነገውን መወሰን ሲያቅተው ዛሬን ደግሞ ለምን እነሣለሁ ይላል። ብዙዎቻችን አንድ ጊዜ እዚያ አልጋ ላይ ነበርን። ይህን የሚጽፉትም እጆች ጭምር።

ሰውየውን ያስነሣው ምክር አልነበረም። ሽማግሌ ሄዶ መክሮታል፣ እኛም ሄደን ቡና ጠጥተን መክረን ተመልሰናል፤ ምንም አልሆነ። አንድ ቀን ሌሊት ባለቤቱን ወገቧን ያዛት። ንጋት ላይ ለመነሣት ብትሞክር አልቻለችም። ቤት ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም፣ ትንሹ ልጅ ያለቅሳል። እሱ ጋቢውን በራሱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ሁለቱን ቢጫ ጄሪካኖች ይዞ በጨለማ ወጣ። በጨለማ የወጣው ለወረፋው ብሎ እንዳይመስላችሁ፤ ወንድ ልጅ ቦኖ ላይ ሲቆም እንዳይታይ አፍሮ ነው። ይህን ሲነግረን ራሱም ስቋል።

20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፤ ሁለቱ 40። እንኳን ወር ሙሉ የተኛ ሰው ይቅርና የሚሠራም ያልበዋል። እቤት ሲደርስ ልብሱ በላብ ረጥቦ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሻይ አፈላ። እና ተመልሶ አልተኛም። «ሰውነቴ ስለሞቀ ብርድ ልብሱ አላስጠጋኝም» ነው ያለን። የባለቤቱ ወገብ እስኪሻላት 9 ቀን እሱ ቀዳ። በአሥረኛው ቀን እሷ ልትነሣ ስትል ጄሪካኑ ቀድሞ ወጥቷል።

ሰውነት ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ እንደ አስተማሪነታችን ትንሽ እናብራራ። ስንንቀሳቀስ ሰውነታችን ሙቀት የሚሠራው በዋናነት በጡንቻ ነው። ሲበርደን የምንንቀጠቀጠው ለዚህ ነው፤ መንቀጥቀጥ ማለት ሰውነት ሳያስፈቅደን በራሱ የሚሠራው ስፖርት ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። ብርድ ልብስ ሙቀትን ይይዛል እንጂ አይፈጥርም። ተጠቅልለን በተኛን ቁጥር ጡንቻ ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ በሚቀጥለው ቀን ለመነሣት የሚያስፈልገው ጉልበት ይጨምራል። ያልተነሣ ሰው ነገ መነሣት የሚከብደው ዛሬ ስላልተነሣ ነው።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። ዓይናችን የጠዋት ብርሃን ሲያይ በሰውነታችን ውስጥ ያለው ሰዓት ይስተካከላል፤ ማታ በጊዜ እንቅልፍ የሚመጣው ጠዋት ፀሐይ ያየ ሰው ላይ ነው። ሰሜን አውሮፓ የገቡ ወገኖቻችን በክረምት ድብርት የሚያስቸግራቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ስቶክሆልም በታኅሣሥ የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሐርጌሳ ግን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ በጣም አጭር በሆነው ቀን እንኳ ለ11 ሰዓት ተኩል ያህል ፀሐይ አለን። ብዙ ነገር ጎድሎብናል፣ ፀሐይ ግን አልጎደለንም። እኩለ ቀን ድረስ ተሸፍኖ የሚተኛ ሰው የስቶክሆልምን ታኅሣሥ ሐርጌሳ ላይ በእጁ ይሠራል ማለት ነው።

የጫቱን ነገር ብንዘለው ይታዘቡናል። ከኢትዮጵያ በየቀኑ በመኪና የሚገባው ጫት ከእኛ ይልቅ በነፃነት ድንበር ይሻገራል! ከሰዓት በኋላ ለብርዱም ለጭንቀቱም ተብሎ ይቃማል፤ ሌሊት እንቅልፍ ይነሣል፤ ጠዋት አልጋው አይለቅም። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ግን የሌሊቱን እንቅልፍ የት እንዳደረስነው ስንፈልግ አንዱ ቦታ እዚያ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል፤ ልጆችና ወጣቶች ደግሞ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ። 150 ደቂቃ ስትሰሙ አትደንግጡ። ለ5 ቀን ቢካፈል 30 ደቂቃ ነው፤ 30 ደቂቃው ሦስት ጊዜ 10 ደቂቃ ሊሆን ይችላል። ደግሞ መመሪያው የግድ ጂምናዚየም ግቡ አይልም፤ በእግር መሄድም፣ የቤት ሥራም፣ ሸክምም ይቆጠራል። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኛ ትልቅ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ውሃ ለምትቀዳ፣ ልብስ ለምታጥብ፣ ልጅ አዝላ ገበያ ለምትሄድ እናት «ስፖርት ሥሪ» ማለት ድፍረት ነው። እሷ የሚያስፈልጋት እረፍት ነው። እንቅስቃሴ የጎደለው ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አለ፤ የእሷ ትርፍና የእሱ ጉድለት ደግሞ በአንድ ጄሪካን ይቻቻላሉ።

መጀመሪያ ተሳሳትን

የአናጢውን ነገር ካየን በኋላ ጥቂት መምህራንና ጎረቤቶች ሆነን የጠዋት ቡድን እንመሥርት አልን። እንደተለመደው በስብሰባ ጀመርን፤ ሊቀ መንበር መረጥን፣ ጸሐፊ መረጥን። (ስደተኛ ሲሰበሰብ ሊቀ መንበር ሳይመርጥ አይበተንም።) የመጀመሪያው ቀን 14 ሰው መጣ። ከመካከላችን አንዱ የቀድሞ ወታደር ስለነበር በፉጨት አሰልፎ፣ አሸዋውን ደረቅ ወንዝ ይዞን ሩጫ አስጀመረን። በቀዘቀዘ ጡንቻ፣ በነጠላ ጫማ፣ በአሸዋ ላይ! አንዱ ባቱን ያዘው፣ ሌላው ሲያስል ቆመ፣ እኛም ለሁለት ቀን ደረጃ መውረድ አቃተን። በሁለተኛው ቀን 6 ሰው መጣ። በሳምንቱ መጨረሻ ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው ብቻ ቀሩ።

እንደገና ስንጀምር ሩጫውን ተውነው። መነሻችን ቦኖው ሆነ፤ ምክንያቱም ሰው ስፖርት ለመሥራት ባይነሣም ውሃ ሳይቀዳ አይውልም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቀኑ ሲነጋጋ እንገናኛለን። ጄሪካኑን ወረፋ ላይ አስቀምጠን አንድ ልጅ እንዲጠብቅ እናደርጋለን፤ ተራው እስኪደርስ 20 ወይም 30 ደቂቃ በእግር እንሄዳለን። የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች በዝግታ፣ እጅና ትከሻ እያንቀሳቀስን፤ ከዚያ ወሬ ለማውራት የሚያስችል ግን ዘፈን ለመዝፈን የማያስችል ፍጥነት። ይህች መለኪያ ጥሩ ናት፤ ሰዓትም መሣሪያም አትፈልግም። ሰማዩ ሲጠራ በሰሜን በኩል ናሳ ሐብሎድ የሚባሉት ሁለቱ መንታ ኮረብቶች ይታያሉ፤ እነሱን እያየን ሄደን እንመለሳለን። ስንመለስ ወንዱ የየቤቱን ጄሪካን ይሸከማል። ይኼው ነው። ሊቀ መንበር የለውም።

አንድ ደንብ ብቻ አለን። አብሮን ይሄድ የነበረ ሰው ከቀረ በማግስቱ በሩን ሁለት ጊዜ እናንኳኳለን። ሁለት ጊዜ ብቻ። ካልወጣ እናልፋለን፣ አንወቅስም፣ «ለምን ቀረህ?» ብለን በሰው ፊት አንጠይቅም። በማግስቱ ደግሞ እናንኳኳለን። ሰው የሚነሣው ስለ ልቡና ስለ ሳንባው ሲነገረው ሳይሆን ደጅ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ሲያውቅ መሆኑን ያየነው በዚህ ነው።

የሴቶቹ ነገር የራሱ መላ አስፈልጎታል። የምንኖርበትን ከተማ ባህል ማክበር ግዴታችን ነው፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ንጋት ላይ ስትሮጥ ብትታይ ዓይን ይበዛባታል፣ ደኅንነቷም ያሳስባል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ሆነው፣ በለመዱት ልብስ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በእግር የሚሄዱ አሉ። ሌሎቹ ግቢያቸውን ዘግተው ይሠራሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ የልጆቹን ገመድ ተቀብለው መዝለል የጀመሩ እናቶች አሉ፤ አንዷ «ሱዚ ከዘለልኩ 25 ዓመቴ ነው» ብላ ሦስት ጊዜ ዘልላ በሳቅ ተቀመጠች፤ በሳምንቱ 30 ደርሳለች።

ሌላው የገረመን የቡናው ነው። ቡና ሲጠጡ ከአቦል እስከ በረካ አንድ ቦታ ሁለት ሰዓት መቀመጥ የተለመደ ነው። የእነዚህ ሴቶች ቡድን በአቦልና በቶና መካከል ዘፈን ዝግ አድርገው ከፍተው እስክስታ ይወርዳሉ! ይህንን ቀልድ አድርጎ የሚያይ ካለ አምስት ደቂቃ ሙሉ ትከሻውን አንቀጥቅጦ ይምጣና እንነጋገር። በትግርኛውም በኦሮምኛውም በጉራጊኛውም የሚጨፍር አለ፤ ጉራጊኛው ጉልበት ለሌለው ሰው አይመከርም።

ቤት ውስጥ ለሚውሉ እናቶችና ለጨቅላዎች አንድ ነገር እናክል። አገር ቤት እናቶቻችን ሕፃኑን ቅባት ቀብተው የጠዋት ፀሐይ ያሞቁት የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰውነት ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ፀሐይ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ነው፤ እሱ ሲጎድል የሕፃን አጥንት ይለሰልሳል፣ እግር ይቆለመማል። ብርድ ፈርተን ልጁን ቀኑን ሙሉ ጨለማ ክፍል ውስጥ ጠቅልለን ማዋል አይጠቅመውም።

ከአንደኛ ክፍለ ጊዜ በፊት

አሁን ደግሞ ኑዛዜ። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ተምረናል፣ ፈተናም ወድቀን ተነሥተንበታል። ማስተማር ስንጀምር ግን፣ እውነቱን እንናገር፣ ሒሳብ ወደ ኋላ በቀረ ቁጥር የምንሰርቀው ክፍለ ጊዜ የስፖርቱን ነበር። እዚህም ያንኑ አመል ይዘን መጣን። በጂላል ጠዋት ልጆቹ እጃቸው ደንዝዞ እርሳስ መያዝ ሲያቅታቸው፣ ተጠቅልለው ግድግዳ ላይ ሲደገፉ እያየን እንኳ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ክፍልፋይ እንጽፍ ነበር። ማን ይሰማል?

ባለፈው ዓመት ከአንደኛው ክፍለ ጊዜ በፊት 10 ደቂቃ ለእንቅስቃሴ ሰጠን። እጅ ማሟሟቅ፣ ባሉበት መሮጥ፣ ገመድ ዝላይ፣ ሰኞ ማክሰኞ። ዝላዩን በሦስት ቋንቋ ያስቆጥሯቸዋል፤ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሶማሊኛ «ኮው፣ ለበ፣ ሰደሕ» እያሉ። የማባዛት ሠንጠረዥንም እየዘለሉ ይሉታል። ሒሳቡ አልተጎዳም። እንዲያውም መጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ላይ የሚያንቀላፉት ልጆች ቁጥር ቀንሷል፤ ይህንን በዓይናችን አይተን ነው የምንናገረው።

ከሁሉ የበለጠው ግን ገና ነው። የገና ጨዋታ በአገራችን በዚሁ በብርዱ ወር፣ ታኅሣሥ 29 አካባቢ የሚደምቅ ነው። ጫፉ የቆለመመ ዱላ፣ ሩር የምትባል ድቡልቡል እንጨት፣ ሁለት ቡድን፣ ሰፊ ሜዳ፤ በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ሆነው ይሯሯጣሉ። አባቶቻችን ለብርድ ወቅት የሚሆነውን ስፖርት ከማንም ሳይማሩ አውቀውት ነበር ማለት ነው። በጨዋታነቱ የሁሉም ልጅ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጓደኛሞች አብረው ተጫውተውት ያደጉ ብዙዎች ነን። እኛም በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ጎረቤት ሳንረብሽ ለማጫወት አሰብን። ዱላ ከየት ይምጣ? ያ አናጢ ወንድማችን የግራር ቅርንጫፍ እየመረጠ 16 ዱላ ጠርቦ ሰጠን። ሩሯን ከጨርቅና ከቀለጠ ፌስታል ሠራናት፤ እንጨት ብትሆን ጥርስ ይወልቅ ነበር። የጎረቤት ሶማሌ ልጆች መጀመሪያ በአጥር ቀዳዳ አዩ፣ በሁለተኛው ቀን ገቡ፣ በሦስተኛው ቀን አሸነፉን።

አጥሩ አጠገብ የሚኖሩ «አዬዮ» ብለን የምንጠራቸው አሮጊት አሉ። ልጆቹን ሲያዩ ቆይተው ስለ ሐርቲሼክ አጫወቱን። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ ወደ እኛ አገር ተሰደደ፤ ጅጅጋ አካባቢ ያለው የሐርቲሼክ ካምፕ በአንድ ወቅት በዓለም ካሉት ሁሉ ትልቁ የስደተኞች ካምፕ ነበር፤ ከ250,000 በላይ ሰው ይዞ ነበር ይባላል። የተዘጋው በ2004 ነው። አዬዮ ጂላልን እዚያ ያሳለፉት በጨርቅ ጎጆ ውስጥ ነው። ብርዱ ከሐርጌሳ ይብስ እንደነበር፣ ውሃና ማገዶ ፍለጋ ሴቶቹ ረጅም መንገድ ይሄዱ እንደነበር ነገሩን። ከሁሉ ቀድመው የታመሙት ግን፣ እንደ እሳቸው አባባል፣ ከጎጆ የማይወጡት ወንዶች ነበሩ። ከዚያ ወደ አናጢው ቤት በአገጫቸው ጠቆሙ፤ ለካ ሁሉን ያያሉ!

ስለ ሯጮች ጥቂት

ልጆቻችን ጀግና ሲጠየቁ ሞ ፋራህን ይጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ፣ በ2016 ሪዮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰደው ሰው በሐምሌ 2022 ራሱ እንደተናገረው የተወለደው በዚሁ በሶማሌላንድ ነው፤ እውነተኛ ስሙም ሑሴን አብዲ ካሂን ነው። አባቱን በጦርነት ያጣው በ4 ዓመቱ ነበር። በ9 ዓመቱ ግድም በሌላ ልጅ ስም ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በሰው ቤት እንዲሠራ ተደረገ። ቋንቋ በማያውቅበት ትምህርት ቤት ያስተዋለው የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪው አለን ዋትኪንሰን ነው፤ ልጁ የሚገባው ቋንቋ ስፖርት ብቻ እንደሆነ ያየው እሱ ነው። ምስጢሩንም መጀመሪያ የነገረው ለእሱ ነበር። ይህንን ካነበብን ወዲህ የስፖርት ክፍለ ጊዜ መስረቅ ይከብደናል።

በ2016 የመጀመሪያው የስደተኞች የኦሊምፒክ ቡድን ሪዮ ላይ ሲሰለፍ ከ10ሩ አትሌቶች 5ቱ ኬንያ ውስጥ ካለው ከካኩማ ካምፕ የወጡ ነበሩ። አንዱ ደግሞ የእኛው ሰው ዮናስ ክንዴ፣ በሉክሰምበርግ ስደተኛ፣ ፈረንሳይኛ እየተማረና ታክሲ እየነዳ የሚሠለጥን ነበር። ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ፈጽሞ 90ኛ ወጣ። ዘጠናኛ! ከወርቁ ይልቅ ይህች ቁጥር ለእኛ ትቀርባለች።

አበበ ቢቂላንስ እናስታውሳለን? ሮምንና ቶኪዮን ሁሉም ያውቃል። በ1969 በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ከሆነ በኋላ ግን በ1970 እንግሊዝ አገር በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስት ተወዳደረ፤ በ1971 ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በተንሸራታች ተወዳድሮ አሸነፈ። የጃቶው ልጅ፣ በበረዶ ላይ! ይህን ስንነግራቸው የሳቁትም ዝም ያሉትም ልጆች ነበሩ።

ለጥንቃቄ ያህል፦ አስም ያለበት ሰው አቧራ ሲነሣ አይውጣ፣ አፍና አፍንጫውን በሻሽ ይሸፍን። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ቀስ ብሎ መሄድ አብዛኛውን ጊዜ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ ሆኖም ከጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር ይቅደም። ደረት ከተወጋ ወይም ራስ ከዞረ ወዲያው ማቆም ነው። በብርድ ጥም አይሰማም፣ ግን አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሰውነት ውሃ ያጣል፤ ስትመለሱ ጠጡ። በጾም ወቅት፣ በነቢያት ጾምም ሆነ በነዚህ ዓመታት በየካቲት ግድም በሚውለው ረመዳን፣ ፍጥነቱን ቀንሱ፤ በረመዳን ከአፍጥር በፊት ባለችው ግማሽ ሰዓት በዝግታ መሄድ የሚመቻቸው አሉ። የስደተኝነት ወረቀታችሁን ሳትይዙ ከቤት አትውጡ። ቀኑን ሙሉ የሚያለቅስ፣ ምግብ የተወ፣ መኖር አስጠላኝ የሚል ሰው ካለ ግን ነገሩ በእግር ጉዞ ብቻ የሚፈታ አይደለም፤ ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ጤና ጣቢያ አብራችሁት ሂዱ።

አናጢው ስልኩ እስካሁን አልተደወለለትም። አንዳንድ ጠዋት ከሁላችንም ቀድሞ ቦኖው ላይ ቆሞ እናገኘዋለን። አንዳንድ ጠዋት ሁለቴ አንኳኩተን እናልፋለን፤ ባለቤቱ በሩን ገርበብ አድርጋ «ዛሬ ከብዶታል፣ ነገ ይመጣል» ትለናለች፤ ያን ቀን ጄሪካኗን እኛ ይዘንላት እንሄዳለን።

የቅዳሜው ጉዞ እንደተለመደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቦኖው ይነሣል። ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው ቢያንስ ካልሲ ይልበስ። ትርፍ ጄሪካን ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ከእኛዎቹ ሁለቱ ማፍሰስ ጀምረዋል።